ታይሮይድ የሌለው ሰው፣ ሆርሞኑ የበዛበት ሰው

ሰውዬው ታይሮይድ የለውም። አንገቱ ላይ የነበረው ይህ ሆርሞን አምራች የሰውነት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1923 በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ኒውዮርክ በሚገኘው ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል ሲታይ ግን ችግሩ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አልነበረም። መብዛት ነበር።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ምድጃው ከተነሣ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጭሱ ግን ቤቱን ሞልቶታል።

የኑክሌር ሕክምና፣ ማለትም ጨረር በሚያወጡ ንጥረ ነገሮች የሚመረምረውና የሚያክመው የሕክምና ዘርፍ፣ ካንሰርን እንዴት እንደሚያይና እንደሚያክም ለሰው ሳስረዳ ሁሌም የምጀምረው ከዚህ ታካሚ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም። የሆነበትን ነገር በደንብ የተረዳ ሰው፣ ዛሬ የሚሰጠውን የራዲዮአክቲቭ (ጨረር የሚያወጣ) አዮዲን ሕክምና አብዛኛውን ነገር ተረዳ ማለት ነው። ለማን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደማይሠራም ጭምር።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሌላው ደግሞ የቃል ጉዳይ ነው። በአማርኛ ጤነኛውንም የሰውነት ክፍል «ዕጢ»፣ ካንሰሩንም «ዕጢ» ስንል እንደባልቃለን። እዚህ ጤነኛውን በስሙ ታይሮይድ፣ በሽታውን እባጭ እለዋለሁ።

ሆርሞኑ ከየት መጣ?

ታይሮይድ የሚገኘው አንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ነው። ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይመስላል። የሚያመርተው ሆርሞን ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ይፈዛል። ሲበዛ ልብ ይሮጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል።

የዚህ ሰው ታይሮይድ የወጣው ካንሰር ስለነበረበት ነው። ግን ቀዶ ሐኪሙ ቢላ ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ሴሎች አምልጠው ነበር። በደም ተጉዘው አጥንቱና ሳንባው ውስጥ ተቀመጡ። ለዓመታት ድምፃቸው አልተሰማም። ቀስ እያሉ አደጉና ሕመም ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ ከሌላው ካንሰር ብዙ አይለይም። የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ ሴሎች ከአገራቸው ቢርቁም ሙያቸውን አልረሱም። አጥንት ውስጥ ተቀምጠው የታይሮይድ ሆርሞን ይሠሩ ነበር። ያውም ከልክ በላይ። እናትየው ከወጣች በኋላ ልጆቹ በየሰፈሩ የእሷን ሥራ ይዘዋል።

ሐኪሙ ሳሙኤል ሳይድሊን ይባላል። የሆርሞን በሽታዎች ሐኪም ነው። የያዘው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ መጀመሪያ ለሚያስበው ሰው ግን ቀላል አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም። እባጮቹ ሆርሞን የሚሠሩ ከሆነ አዮዲን ከደም እየሳቡ ነው። የሚስቡት አዮዲን ጨረር የሚያወጣ ቢሆንስ? መርዙን ራሳቸው ጎትተው ቤታቸው ያስገባሉ ማለት ነው።

መሣሪያው እንዴት እጁ ገባ?

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። በ1936 ኖቬምበር ወር የፊዚክስ ሊቁና ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን ቦስተን ላይ ለሐኪሞች ንግግር አድርጎ ነበር። ፊዚክስ ለሕክምና ምን ሊያደርግ ይችላል በሚል ርዕስ። ከአድማጮቹ መካከል የነበረው የታይሮይድ ሐኪም ሶል ኸርትዝ አንድ ጥያቄ አነሣ። አዮዲንን ራዲዮአክቲቭ ማድረግ ይቻላል ወይ? ኮምፕተን ቆይቶ በደብዳቤ መለሰለት። ይቻላል።

ኸርትዝና ባልደረቦቹ የጀመሩት በ48 ጥንቸሎች ነው። የመጀመሪያው አዮዲናቸው ግማሽ ዕድሜው 25 ደቂቃ ብቻ ነበር። በየ25 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል ማለት ነው። ለሙከራ ይበቃል፤ ለሕክምና ግን ገና ሳይጀመር ያልቃል። በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሌን ሲቦርግና ጆን ሊቪንጉድ አዮዲን 131 የሚባለውን ሌላ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን አገኙ። የዚህ ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው። ሲቦርግ በኋላ እንደተናገረው፣ የገዛ እናቱ የታይሮይድ ሆርሞን በዝቶባት የታከመችው በዚሁ አዮዲን ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በ1941 መጀመሪያ ኸርትዝ የታይሮይድ ሆርሞን የበዛበትን ሰው በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ማከም ጀመረ። እሱ ያከመው ግን ካንሰርን አይደለም። በ1942 ደግሞ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ወደ አጥንት የተሰራጨ የታይሮይድ ካንሰር ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሲያጠራቅም አዩ። ማየት ብቻ ነው፤ ሕክምና አልነበረም። ግን በሩ ገርበብ አለ።

1943

ሳይድሊን ፊዚክሱን ለብቻው መወጣት አይችልም። ሊዮኒዳስ ማሪኔሊ የሚባል የጨረር ፊዚክስ ባለሙያ አብሮት ሠራ። ኤሊኖር ኦሽሪም ከቡድኑ ነበረች። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አዮዲኑ የሚሠራው ሳይክሎትሮን በሚባል ማሽን፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። እንደ ዛሬው ታዝዞ በሳጥን የሚመጣ ዕቃ አልነበረም።

ሰውዬው ጠጣው። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሲጠጣ ከውኃ አይለይም። ቀለም የለው፣ አያቃጥል፣ አይሸት። ሰውነትም ከተራው አዮዲን አይለየውም። ዘዴው የሚሠራው ስለማይለየው ነው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ። ጋይገር መቁጠሪያ ጨረር ሲያገኘው «ጠቅ» የሚል መሣሪያ ነው። ቱቦውን ወደ ታካሚው ሰውነት ታስጠጋለህ። ጭን ላይ ስታደርገው አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል። ወደታመመው አጥንት ስትወስደው ድምፁ ይደጋገማል፣ ይጣደፋል። አልፈኸው ስትሄድ መልሶ ይረጋጋል። ቆዳ ሳይቀደድ፣ ናሙና ሳይወሰድ፣ አዮዲኑ የት እንደተቀመጠ በጆሮ ይሰማል። ሥዕል ገና የለም። ጨረሩን ወደ ሥዕል የሚለውጠው ጋማ ካሜራ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

የሞንቴፊዮሬው ሰው እባጮች አዮዲኑን ወስደውት ነበር። ሳይድሊን ያሰበው ልክ ነበር።

አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አልተቆመም። በተለያየ ጊዜ ተደጋገመ። የሆርሞኑ መብዛት በረደ። ሕመሙ ቀለለለት። የከሳው ሰውነት ክብደት መልሶ ያዘ። በየአጥንቱ ተበትኖ ቢላ የማይደርስበት ካንሰር፣ በተጠጣ ነገር ሲሸሽ ታየ።

ዲሴምበር 7 ቀን 1946 የሳይድሊን ቡድን ጽሑፍ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ጊዜው ገጥሟል። በዚያው ዓመት በጋ አሜሪካ ውስጥ ኦክሪጅ በሚባል ቦታ የሚገኘው የኑክሌር ሪአክተር ለሕክምናና ለምርምር የሚሆኑ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ማከፋፈል ጀምሮ ነበር። በጭንቅ ይገኝ የነበረው አዮዲን 131 በብዛት መመረት ቻለ።

አንድ ፈሳሽ፣ ሁለት ሥራ

አዮዲን 131 ሲፈርስ ሁለት ዓይነት ጨረር ይወጣዋል። አንዱ ቤታ ነው። ሥጋ ውስጥ የሚሄደው በአማካይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሴሉንና ጎረቤቶቹን ይገድላል፤ ራቅ ያለውን አይነካም። ሌላው ጋማ ነው። ይኼኛው ሰውነትን አልፎ ይወጣል፤ ውጭ ያለ መሣሪያ ይይዘዋል። ቤታው ያክማል፣ ጋማው ያሳያል። ያው አንድ ጠብታ።

ብዙ የካንሰር መድኃኒት የት እንደደረሰ ሳይታይ ነው የሚሰጠው። እዚህ ግን መድኃኒቱ «እዚህ ነኝ» ይላል። በኑክሌር ሕክምና ዘንድ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው።

ሴሉ አዮዲኑን የሚያስገባበትን በር የሚሠራው ጂን የተገኘው በ1996 ነው። በሩ ካለ አዮዲኑ ይገባል፤ ከሌለ በደጅ ያልፋል።

ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው

የሰውዬው ወሬ ሲሰማ የብዙ ታማሚ ተስፋ ተቀሰቀሰ። ካንሰር የሚያጠፋ ፈሳሽ ተገኘ ተባለ። በሰው አልፈርድም። ካንሰር ቤት ሲገባ ያልያዙት ገመድ የለም።

ግን የሞንቴፊዮሬው ሰው እንደማንኛውም የታይሮይድ ካንሰር ታማሚ አልነበረም። የእሱ እባጮች ሆርሞን እስኪተርፋቸው የሚሠሩ፣ ለአዮዲን እጅግ የጓጉ ነበሩ። እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው የታይሮይድ ካንሰር አዮዲን ቢወስድም ከጤነኛው ታይሮይድ ያነሰ ነው የሚወስደው። ሜዱላሪ የሚባለው ዓይነት ጭራሽ አይወስድም፤ መነሻው ሌላ ሴል ነው። አናፕላስቲክ የሚባለው ክፉው ዓይነትም ሙያውን ጨርሶ ረስቷል። ጡት፣ ሳንባ፣ ጉበት ላይ ለሚነሣ ካንሰርማ ይህ ሕክምና ነገሩም አይደለም።

በቁጥር ላሳይ። ፈረንሳይ የሚገኘው የጉስታቭ ሩሲ ተቋም ሐኪሞች ካንሰሩ ከአንገት አልፎ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸውን 444 ታካሚዎች ታሪክ በ2006 አሳተሙ። ከሦስቱ የሁለቱ ያህል እባጭ አዮዲን ይወስዳል። አዮዲን ወስዶ፣ በሕክምናው ምስሉ ሙሉ በሙሉ ከጸዳላቸው መካከል 92 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ወስዶ ያልጸዳላቸው 29 በመቶ። እባጫቸው ከመጀመሪያውም አዮዲን ያልወሰደው 10 በመቶ።

92 እና 10። የበሽታው ስም አንድ ነው። ብዙውን የሚለየው የበሩ መኖርና አለመኖር ነው። ዕድሜና የእባጩ መጠንም ድርሻ አላቸው፤ ጥናቱ ያንንም አሳይቷል።

ሰውዬው ዛሬ ቢመጣ

አንገቱ ላይ ጉብ ያለ ነገር ታይቶት ቢመጣ ወደ ኑክሌር ክፍል በቀጥታ አይላክም። መጀመሪያ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይደረጋል። አጠራጣሪ ከሆነ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ነው የሚለውን የሚወስነው ናሙናው ነው። የኑክሌር ምርመራ በዚህ ደረጃ የሚጠቅመው በተለይ ሆርሞኑ ሲበዛ ነው። እብጠቱ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወይም ቴክኒሺየም የሚባል ሌላ ጨረር አውጪ ንጥረ ነገር ከሳበ «ሞቃት» ይባላል፤ ካልሳበ «ቀዝቃዛ»። ሞቃቱ ካንሰር የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ቀዝቃዛ የተባለ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። «ቀዝቃዛ» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ አንብቦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ይህን ይስማኝ።

ካንሰር ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚከተለው ያስፈልጋል ከተባለ ነው። ጤነኛው ታይሮይድ አንገት ላይ ካለ አዮዲኑን እሱ ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ለእባጩ አይተርፍም።

ከዚያ ዝግጅት አለ። የሞንቴፊዮሬው ሰው እባጮች ጉትጎታ አላስፈለጋቸውም። የዛሬው ታካሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልገዋል። የሚጎተጉተው ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ነው፤ አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ይመጣል። ታይሮይድን «ሥራ!» የሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ እንዲጨምር ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆርሞኑን ለመተካት የሚውጠውን የታይሮይድ እንክብል ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ያቆማል። ከባድ ሳምንታት ናቸው። ሰው ይፈዛል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ከ1998 ወዲህ በላቦራቶሪ የተሠራ ቲኤስኤች በመርፌ መስጠት ተችሏል። ያን ፍዳ ያስቀራል፤ ግን ሁሉም ጋ አይገኝም።

ምግብም አለ። ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት አዮዲን ያለው ጨው፣ የባሕር ምግብ፣ ወተትና እንቁላል ይቀነሳል። እባጩ ተራ አዮዲን ከጠገበ ራዲዮአክቲቩን አይፈልግም። በቅርቡ ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ቀለም ተሰጥቶት ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። አብዛኛው የሲቲ ንጥረ ቀለም አዮዲን አለበት፤ ሰውነት ከእሱ እስኪጸዳ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። ይህ ሳይነገር ቀርቶ አዮዲኑ በከንቱ ይጠጣል። ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ ስህተት ነው።

ሴት ከሆነች እርግዝና መኖሩ ይመረመራል። ነፍሰ ጡር ይህን ሕክምና አትወስድም። የምታጠባም ቀድማ ማቆም አለባት። ከሕክምናው በኋላም ቢያንስ 6 ወር ማርገዝ አይመከርም።

ከዚያ የራዲዮአክቲቭ አዮዲኑ እንክብል ይዋጣል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ብቸኝነት ግን አይረሳም። ታካሚው ራሱ ጨረር ያወጣል። መጠኑ ከፍ ካለ ለብቻው ክፍል ይተኛል። ነርሷ ምግቡን አስቀምጣ ፈጠን ብላ ትወጣለች። የምትጠየፈው እንዳይመስለው፤ ለጥንቃቄ ነው። ቤት ሲገባም ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ይርቃል፣ ለብቻው ይተኛል፣ ውኃ በብዛት ይጠጣል። አዮዲኑ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። የቀረው በ8 ቀን ግማሹ፣ በ16 ቀን ሩቡ ይቀራል።

ዋጋም አለው። የምራቅ ዕጢዎችም አዮዲን ይስባሉ። ስለዚህ ጉንጭ ሊያብጥ፣ አፍ ሊደርቅ፣ የምግብ ጣዕም ሊጠፋ ይችላል። ለአንዳንዱ ያልፋል፤ ለአንዳንዱ ይቆያል። ሲደጋገም ደግሞ ሌላ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይጨምራል።

ለዚህ ነው ለሁሉም መስጠት የቀረው። በ2012 በፈረንሳይና በእንግሊዝ የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተረፈውን የታይሮይድ ቅሪት ለማጥፋት 30 ሚሊኩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) የ100ውን ያህል እንደሚሠራ አሳዩ። በ2022 ደግሞ እባጫቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ 776 ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው ታካሚዎች የተሳተፉበት የፈረንሳይ ጥናት ወጣ። አዮዲን የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ልዩነት አልነበራቸውም። እኔ ይህን እንደ ትልቅ እድገት አየዋለሁ። «ለምን አልታዘዘልኝም?» ብሎ የሚከፋ ታካሚ አለ። ብዙ ጊዜ አልታዘዘለትም ማለት በሽታው ቀለል ያለ ነው ማለት ነው።

እንክብሉ ከተዋጠ ጥቂት ቀናት በኋላ ታካሚው ጋማ ካሜራ ሥር ይጋደማል። ዝም ብሎ መተኛት ነው። ስክሪኑ ላይ የሰውነቱ ጥላ በነጠብጣብ ይሣላል። ሆድና ፊኛ ይጠቁራሉ፤ የሚጠበቅ ነው። አንገት ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር፣ የታይሮይድ ቅሪት። ከዚያ ሁሉም ዓይን አጥንትና ሳንባ ላይ ያርፋል። ከሰማንያ ዓመት በፊት በጆሮ የተሰማው «ጠቅ ጠቅ» ዛሬ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ሆኗል።

በሩ ሲዘጋ

የሞንቴፊዮሬው ሰው ከካንሰሩ ጨርሶ አልዳነም። ለዓመታት ኖረ፤ የእነዚያ ዓመታት ዋጋ ግን ቀላል አይደለም፤ ከዚያ በፊት ለእንደሱ ያለ ሰው የሚሰጥ ብዙ ነገር አልነበረም።

ታይሮግሎቡሊን የሚባለው፣ የታይሮይድ ሴሎች የሚሠሩትን ፕሮቲን የሚለካው የደም ምርመራ በሽታው መኖሩን እያሳየ፣ የአዮዲን ምስሉ ግን ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካንሰሩ አለ፤ በሩ ተዘግቷል። ሐኪሞች አዮዲንን እምቢ ያለ ካንሰር ይሉታል። እንዲህ ያለ እባጭ ብዙውን ጊዜ ስኳር ይወዳል፤ ጨረር የሚያወጣ ስኳር ተሰጥቶ የሚነሣው ፔት ስካን የሚባለው ምስል ያወጣዋል። ለዚህ ደረጃ በ2013 ሶራፌኒብ፣ በ2015 ሌንቫቲኒብ የሚባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። በሽታውን ያዘገያሉ። ከዚህ በኋላ አዮዲን መደጋገም ግን ጨረሩን ብቻ መሸከም ነው። ታካሚ «የእኔ እባጭ አዮዲን ይወስዳል ወይ? ምስሉን አሳዩኝ» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

በ2013፣ ከሳይድሊን ሰባ ዓመት በኋላ፣ እዚያው ኒውዮርክ ሌላ ነገር ተሞከረ። አዮዲን እምቢ ላላቸው ሰዎች ሴሉሜቲኒብ የሚባል እንክብል ለ4 ሳምንት ተሰጠ። ዓላማው ካንሰሩን መግደል አልነበረም። የረሳውን ሙያ ማስታወስ ነበር። ከዚያ በፔት ስካን የሚታይ አዮዲን 124 የሚባል ሌላ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሰጥተው አዩ። ከ20ው ታካሚዎች በ12ቱ እባጮች አዮዲን መውሰድ ጨመሩ። ስምንቱ ለሕክምና የሚበቃ ወሰዱ። ለእነዚያ ለስምንቱ አዮዲን 131 ታዘዘ። በአምስቱ እባጩ አነሰ፤ በሦስቱ ባለበት ቆመ።